ከጓሮ ጓሮ የተሻገረው ገጀራ

«ሀገር በቀል» የሚለውን ቃል ባነር ላይ ተጽፎ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቃሉ ምንም አላደረገኝም። ቃሉን ተሸክመው የሚዞሩትን ነው የማልችለው፤ ከተሸካሚዎቹ አንዷ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ስድቡ ሁሉ ለሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ የራሴ ድርሻ ነው።

ትዕግስት እባላለሁ። ስም ያወጡልኝ ሰዎች ጠባዬን ገና አላዩትም ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። አባቴ የጨንቻ ሰው ስለሆነ ጋሞኛ እሰማለሁ፤ ልናገር ስሞክር ግን የአክስቶቼ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። በእጽዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስንከራተት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ከጨንቻ ከተማ ወጣ ባለች አንዲት የደጋ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ብርዱን በሦስት ሹራብ እየተከላከልኩ ዳገት ቁልቁለቱን ለመድኩት።

የዚያ ቀበሌ ሰው ሕይወት እንሰት ነው። ቆጮውና ቡላው ይበላል፣ ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ ይሆናል፣ ቃጫው ይገመዳል፣ ቅጠሉ ለከብት ይሰጣል። እንደ እኔ ላለው የከተማ ሰው እንሰት ሁሉ አንድ ነው፤ ሙዝ የሚመስል፣ ሙዝ የማያፈራ ነገር። ሴቶቹ ግን በግንዱ መልክ፣ በቅጠሉ ጀርባ፣ በአንገቱ ቅላት ይለዩታል። ይህ ውርጭ ይችላል፣ ያ ቶሎ ይደርሳል፣ ያኛው ቃጫው ጠንካራ ነው፣ ይሄኛው ለአራስ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔም ደብተር ገዝቼ እየዞርኩ ስማቸውን፣ ጥቅማቸውንና የሚገኙበትን ቤት መጻፍ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። በአምስት ወሩ ደብተሩ ሞላ። ያንን ደብተር እንደ ልጅ ነበር የምወደው፣ ይዞብኝ የሚመጣውን ሳላውቅ።

ከተጻፉት ሁሉ አንዱ በአንድ ቤት ብቻ ነበር የሚገኘው። ስብራት የሚጠግን እንሰት ነው። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ሥሩ ተቀቅሎለት በወተት ይበላል። ይጠግናል አይጠግንም የሚለውን ለሐኪም እተወዋለሁ፤ ሰው ግን ከሸንተረሩ ማዶ ሳይቀር እየመጣ ይወስድ ነበር። ድሮ በብዙ ጓሮ ነበር አሉ። ጓሮው ወደ ፖም ሲዞር ከየቤቱ ተነቅሎ አለቀና በእማማ ባሎቴ ጓሮ ብቻ ቀረ። እሳቸውም ጋር የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንድ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አንድ ደግሞ አጠገቡ የተተከለ ታናሽ።

እማማ ባሎቴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው የማይቀር ቀጭን ሴትዮ ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፣ እኔን አንዳንዴ «አንተ»፣ አንዳንዴ «አንቺ» ይሉኛል። ግን የሚፈልጉትን ነገር ለመናገር አንድም ቀን ቃል አጥሯቸው አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ አቶ ግርማ ደወለ። አቶ የምለው ከልማድ ነው፤ አንቱታውን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነስቼዋለሁ።

«ትዕግስት፣ ያ የእንሰት ደብተርሽ አለ?»

«አለ። ምነው?»

«ዓርብ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ። የሀገር በቀል ሰብል ማሳያ እናስጎበኛለን።»

«ማሳያ የለንም እኮ።»

«እስከ ዓርብ ይኖረናል» አለና ሳቀ። «ከየቤቱ አንዳንድ ዓይነት ነቅለሽ መንገድ ዳር፣ ቀበሌው ፊት ለፊት ትተክያለሽ። የት የት እንዳለ አንቺ ጽፈሽዋል። ደብተርሽ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ሥራዬን ሰው አየልኝ ብዬ ነበር። «እሺ፣ ችግኝ ችግኙን እወስዳለሁ» አልኩት።

«የምን ችግኝ? እንግዳ ችግኝ አይቶ ያጨበጭባል? ሰው የሚያክለውን አምጪ። ከድሮ የነበረ መምሰል አለበት።»

ይህን ሰምቼ ያን ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት ነበረብኝ። «መምሰል አለበት» ብሎኛል እኮ! እኔ ግን ያሰብኩት ትልቅ እንሰት ሲነቀል ቅጠሉ ካልተከረከመ መኪና ላይ አይጫንም፣ ስለዚህ ገጀራ ያስፈልገኛል ብዬ ነው።

ረቡዕ አንድ አይሱዙ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞችና ከመጋዘን የወጣ አንድ ገጀራ ተሰጠኝ። በዚያ ቀን ስድስት ጓሮ ገባን። ሴቶቹ ፊታቸው ባይፈታም እምቢ አላሉም፤ «የመንግሥት ነው» ሲባል እምቢ ማለት ያልለመደ ሰው ብዙ ነው። አንዷ የራሷን ቢላ ይዛ ወጥታ «በዚህ ቁረጪ» ስትለኝ የትሕትና መስሎኝ «አይ፣ ይሄ ይሻላል፣ ስለት አለው» ብዬ አለፍኳት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሰባተኛው ቤት ጀመርን። የቤቱ ሴትዮ ጥግ ላይ ያሉትን እንሰቶች እያሳየችኝ «እነዚህ ከዝናቡ ወዲህ አንገታቸውን ደፍተዋል» አለችኝ። ዘወር ብዬ አየሁ። የመሐሉ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኗል። «ውሃ በዝቶባቸው ይሆናል» አልኩና ከዚያው ረድፍ የምፈልገውን አስነቅዬ ቅጠሉን በገጀራው ከረከምኩ። አራት ዓመት ተምሬ የተናገርኩት «ውሃ በዝቶባቸው ይሆናል» ነው። መንገደኛ እንኳን ከዚህ የተሻለ ይናገር ነበር።

ከዚያ እማማ ባሎቴ ቤት ደረስን። አጥር በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ይሄ ገጀራ የማን ነው?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳንጨርስ።

«የመንግሥት ነው፣ እማማ።»

«መንግሥት ጓሮ አለው?»

አብሮኝ የነበረው ቶማ የሚባለው ሠራተኛ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ስድስት ሰባት ቤት ሠርተንበታል፤ ጥሩ ገጀራ ነው» አልኳቸው።

«ስድስት ሰባት ቤት!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ ጎሜ ነው። የሰው ጓሮ ቢላ የሰው ጓሮ አይገባም። አማቴ እንኳን ስትመጣ ቢላዋን ደጅ አስቀምጣ ነበር የምትገባው።»

ጎሜ ማለት ነውርም ኃጢአትም ነው፤ የተከለከለ ነገር፣ ቢያፈርሱት መዓት የሚያመጣ። አያቴም ስለ ጎሜ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ የወንጌል ሰው የሆነው አባቴ ደግሞ ሲያጣጥለው ሰምቻለሁ። እኔም በልቤ «ይኸው ኋላ ቀርነት» አልኩ። ያስቀመጡልኝን አማራጭ ስሙ፤ «በእኔ ቢላ እኔ ራሴ እነቅልልሻለሁ። ትልቁን የስብራት እንሰት ግን አልሰጥም። ከታናሹ ሥር ችግኝ ሲበቅል እሱን እሰጥሻለሁ። ሌላ የፈለግሽውን ውሰጂ፤ ነገ ጠዋት ደጅ ላይ ታገኚዋለሽ።»

ከዚህ የበለጠ ደግ መልስ አለ? ስልኬን አውጥቼ ለአቶ ግርማ ደወልኩ።

«ነገ? ነገ እኮ እንግዶቹ ይመጣሉ!» ብሎ ጮኸ። «ደግሞ ዋናው እሱ የስብራቱ ነው። ለእንግዶቹ ተነግሯል። ስሚ፣ ሴትዮዋን ስብሰባ ትፈለጊያለሽ ብለሽ ወደ ቀበሌ ላኪያት። እስክትመለስ ጨርሺ።»

«ስብሰባ አለ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ውሸቱን የሰጠኝ እሱ ነው፤ የተናገረችው ግን የእኔ ምላስ ናት። «እማማ፣ ቀበሌ ለስብሰባ ይፈለጋሉ» አልኳቸው። «አሁን?» አሉ። «አሁን» አልኩ። ነጠላቸውን ይዘው በትራቸውን አነሱ። ቀበሌው ድረስ ለእሳቸው እግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አጥሩን ሲያልፉ ዘወር ብለው አዩኝና «ጓሮውን አደራ፣ እስክመጣ» አሉኝ።

አደራ! የሰጡትም ለእኔ ነው።

ቶማ መቆፈሪያውን ይዞ ቆመ። «እኔ አልገባም» አለ። «እሺ፣ አንተ ቅር» አልኩት፤ ሌላኛው ሠራተኛ ቆፈረ። ትልቁ የስብራት እንሰት ሲነቀል አፈሩ ተከፍቶ እንደ ጉድጓድ አፈጠጠ። ቅጠሉን ከረከምኩ። የሚያወጣ መንገድ ስላልነበረ የታናሹንም ሁለት ቅጠሎች መታሁ፣ ከጎን ያሉትንም ስድስት ሰባት እንሰቶች እንዲሁ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም።

መኪናው ላይ ስንጭን ቶማ ጠራኝ። «ነይ እስቲ፣ ይሄን እዪው።»

ያሳየኝ ጠዋት ከሰባተኛው ቤት የጫንነውን እንሰት ነው። ከተቆረጠው የቅጠል ሥር ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ጠብ ጠብ ይል ነበር።

«መግል ይመስላል» አለ ቶማ።

መግል ነው። የእንሰት መግል። ክፍል ውስጥ በፎቶ አይቼዋለሁ፣ ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሻለሁ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ምልክቱ ይሄ ነው። በምን ይተላለፋል ቢባልም መልሱን ጽፌ ሙሉ ውጤት አግኝቻለሁ፤ በተበከለ ቢላ። መከላከያው ምንድን ነው? ቢላውን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሻገሩ በእሳት መለብለብ፣ የአንዱን ጓሮ መሣሪያ ወደ ሌላው አለማስገባት። እማማ ባሎቴ «ጎሜ ነው» ያሉኝን ነው መምህሬ «የበሽታ መከላከያ ዘዴ» ብሎ ያስተማረኝ። በመምህሬ አፍ ሲነገር ሳይንስ ነው፣ በእሳቸው አፍ ሲነገር ኋላ ቀርነት! ኪሴ ውስጥ ደግሞ ክብሪት ነበር፤ ለማደሪያዬ የገዛሁት፣ ያልተከፈተ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች እኮ ነን።

ገጀራውን አየሁት። ስለቱ ላይ ያ ቢጫ ነገር ደርቆ እንደ ሙጫ ተለጥፏል። ከዚያ ቤት ወጥቼ ቀጥታ የገባሁት እማማ ባሎቴ ጓሮ ነው።

ሰዓቱ ስድስት አልሞላም ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተህዋሲው ከተቆረጠው ቅጠል ወደ ግንዱ ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ሰዓት ወደ ጓሮው ተመልሼ፣ የመታኋቸውን ቅጠሎች በተለበለበ ቢላ ከሥራቸው ባስወግድ ታናሹ ሊተርፍ ይችል ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ይችል ነበር።

ደወልኩለት። «አቶ ግርማ፣ አጠውልግ ነው። ገጀራው ተበክሏል። እማማ ባሎቴ ጓሮ ውስጥ የስብራቱን ጨምሮ ስምንት እንሰት ነክቻለሁ። ተመልሼ ቅጠሎቹን ላስወግድ፣ ለባለቤቶቹም ልንገራቸው።»

«ቆይ፣ ቆይ። ማን ሰማ?»

«ምን ማለት ነው ማን ሰማ?»

«በሽታ ገባ ብለሽ ዛሬ ብታወሪ ነገ ማን ይጎበኛል? የታመመውን ከኋላ ረድፍ ትከይው፣ ቅጠሉን አዙሪው። ዓርብ ይለፍና እናየዋለን።»

«እስከ ዓርብ ይወርዳል እኮ!»

«ትዕግስት፣ አንቺ ገና የሙከራ ጊዜሽን አልጨረሽም።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። ሁለት ዓመት ሰሌዳ ስር የቆምኩት ትዝ አለኝ፣ የእናቴ ፊት ትዝ አለኝ። እና ሄጄ ተከልኩ። ለዚህ ይቅርታ የለኝም። መኪናው ማሳያው ጋ ወሰደን፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሁሉንም ደረድርናቸው፤ የታመመውን ከኋላ፣ የስብራቱን ከፊት መሐል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እማማ ባሎቴ መጡ። ስብሰባ ያጡበት ቀበሌ ማሳያው ፊት ለፊት ነው፤ እዚያ ጠብቀው፣ ሰልችቷቸው፣ እኛ ሳንደርስ በአቋራጭ ቤታቸው ሄደው፣ ጓሯቸውን አይተው መመለሳቸው ነው። አልጮኹም። ቢጮኹ እንዴት በተሻለኝ! የተተከለውን እንሰታቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት፣ ከዚያ ገጀራውን ከመሬት አንስተው ስለቱን አሸተቱ።

«ስብሰባው የማን ነበር?» አሉኝ።

የተተከለውን አፈር በእግሬ መደልደል ያዝኩ።

«ገጀራው ምን ነካ?»

«ምንም አልነካም፣ እማማ። ደህና ነው።»

ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው፤ የመጀመሪያውን በትእዛዝ ዋሸሁ ብል ይህን የነገረኝ ማንም የለም። ገጀራውን መሬት አስቀምጠው በአማርኛቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ጎሜ አፍ ነው መድኃኒቱ። ሲናገሩት ይለቃል፣ ሲደብቁት ይገድላል። አንተ ልጅ፣ ተናገር።»

አልተናገርኩም። ተመልሰው ሄዱ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መኪኖቹ መጡ። ባነሩ ተሰቅሏል፤ «ሀገር በቀል ሰብሎቻችን ለዘላቂ ግብርና»። አቶ ግርማ ክራባት አስሯል። እማማ ባሎቴን «ሞዴል አርሶ አደር» ብሎ፣ የጋሞን የሽመና ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ አስለብሶ ከፊት አቁሟቸዋል። እንዴት እሺ እንዳሉ ገርሞኝ ነበር፤ ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ።

ከእንግዶቹ ትልቁ ባለሥልጣን፣ ፈገግታ የማያጣው ሰው፣ የስብራቱ እንሰት ፊት ቆመ። «እናቴ» አለ፣ «ሌላው ሁሉ ሲያጠፋው እርስዎ ይህን ዝርያ እንዴት ጠብቀው አቆዩት?»

እማማ ባሎቴ የጠየቀውን ሰምተዋል፤ አማርኛ ያውቃሉ። ግን ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው በጋሞኛ መለሱ። ዘለግ አድርገው፣ ቃል በቃል፣ ለእኔ በሚገባኝ ፍጥነት። ባለሥልጣኑ ወደ አቶ ግርማ ዞረ፣ አቶ ግርማ ወደ እኔ። «ተርጉሚ፣ እሷ ጋሞኛ ትሰማለች» አለ ለእንግዳው እየሳቀ። በጆሮዬ ደግሞ «ደስ ብሏታል፣ መንግሥትን ታመሰግናለች በይ» አለኝ።

ሆን ብለው እንዳደረጉት ያን ጊዜ ገባኝ። ልብሱን የለበሱት፣ ከፊት የቆሙት፣ አማርኛቸውን የዋጡት ለዚህች ቅጽበት ነው። ነገሩን ራሳቸው መናገር ይችሉ ነበር። ከእኔ አፍ እንዲወጣ ነው የፈለጉት።

ፊቴን ከአቶ ግርማ ወደ እንግዳው አዞርኩ።

«እንዲህ ነው የሚሉት» አልኩ። «‹የሰው ቢላ ጓሮዬ ባለማስገባት ነው ያቆየሁት። ትናንት ግን የሰው ቢላ ገባ። በውሸት ስብሰባ ብለው ከቤቴ አስወጥተውኝ ገቡ። ከታመመ ጓሮ በመጣ ገጀራ ቆረጡት። ማን እንደቆረጠው ይህችን ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች› ነው የሚሉት።» ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ግርማ ክንዴን ያዘ፤ አስለቀቅሁት። ወደ ኋላ ረድፍ ሄጄ የተደበቀውን እንሰት በሁለት እጄ ጎትቼ ነቀልኩና ከእግራቸው ሥር ጣልኩት። ለስላሳ ስለነበር ቶሎ ወጣ። በጣቴ የቅጠሉን ሥር ስጫነው ቢጫው መግል ወጣ። «አጠውልግ ነው» አልኩ። «እዚህ የቆመው ሁሉ ምናልባት ታሟል። ትናንት የገባሁበትም ጓሮ።»

ምን የጠበቅሁ ይመስላችኋል? አንድ ሰው ይቆጣል፣ አንድ ሰው ጉብኝቱ ይቁም ይላል፣ አንድ ሰው ቢያንስ እማማ ባሎቴን ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ነበር። ባለሥልጣኑ መግሉ ጫማውን እንዳይነካ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ይህ እንግዲህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ በጽሑፍ ይቅረብልን» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ «ፎቶው እዚህ ይሁን ወይስ ባነሩ ጋ?» ብሎ ጠየቀ። ባነሩ ጋ ተነሱ። ፎቶው ላይ ከኋላ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ሁሉ በሽተኛ ነው፤ ከፊት የሚስቁት ደግሞ አላፈሩም።

እኔና ቶማ ሳንነጋገር ተከታትለን እማማ ባሎቴ ቤት ሄድን። እሳቸው ቀድመውን ደርሰው እሳት አንድደው ነበር። ቢላቸውን እሳቱ ውስጥ ከተው አጋሉት፣ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። የቆረጥኩትን እኔው አሳየኋቸው፣ እኔው እስከ ሥሩ አስወገድኩ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ቢላው ወደ እሳት ይመለሳል። ታናሹ የስብራት እንሰት ላይ ስንደርስ የቅጠሉን ሥር ተጫንኩት። ንጹሕ ውሃ ወጣ። ቶማ «ተርፏል!» አለ። እማማ ባሎቴ ቢላውን ተቀብለው ወደ እሳቱ መለሱት።

አልተረፈም። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመሐሉ ቅጠል አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። ከአጠገቡ አምስቱ ተከተሉት። እማማ ባሎቴ ራሳቸው ነቅለው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሯቸው። ትልቁማ ማሳያው ላይ ቀድሞ ሞቷል። ከገባሁባቸው ሌሎች ጓሮዎችም ሁለቱ ታመሙ፤ የቀሩት እንዴት እንደተረፉ ፈጣሪ ያውቃል። ማሳያው ታርሶ ሣር በቀለበት፤ ባነሩን የጥበቃው ሰው ለጣሪያው ወሰደው። ሪፖርቱ በጽሑፍ ቀርቧል፤ መልሱ እስካሁን አልመጣም። አቶ ግርማ ተዛውሯል ሲባል ሰማሁ፣ ወደ ተሻለ ቦታ። እኔ በደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ሥራዬ ላይ ቀረሁ፤ ያባርሩኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበርና እሱም አናደደኝ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ «ታዲያ ተማርሽበት» እንድትሉኝ አልፈልግም። የተማርኩትንማ ከዚያ በፊት ተምሬው ነበር፤ ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ያላወቅሁት ያ እውቀት እኔ ከመወለዴ በፊት በእነዚህ ሴቶች ጓሮ ውስጥ፣ ሌላ ስም ይዞ፣ ሥራውን ሲሠራ እንደኖረ ነው። አሁን ማንኛዋም ሴት «ይሄ አይሆንም» ስትለኝ ደብተሬን ዘግቼ ለምን እንደማይሆን እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ እጄን፣ ያለ ቢላ፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ያንን እንሰት እፈልጋለሁ። «ነበረን» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። «አለን» ያለኝ እስካሁን አንድም የለም። እናንተም ከየቤታችሁ፣ «ለልማት ነው» እየተባለ የሚወጣውን ነገር ከማስረከባችሁ በፊት የሚወስደው ሰው በእጁ ምን እንደያዘ እዩ። ልብሱን ሳይሆን እጁን።

እማማ ባሎቴ ሰላም ይሉኛል፣ ቤታቸው ስገባ አሚቾ ያቀርቡልኛል። ይቅርታ አድርገውልኝ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ግን የስብራቱን እንሰት ፍለጋ የሚመጣን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይልካሉ።

ባለፈው ወር ከዶርዜ አንድ ሸማኔ መጣ። ቀኝ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል። ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሰላም አለኝ።

«እማማ ባሎቴ ልከውኝ ነው» አለ። «የስብራቱ እንሰት እኔ ጓሮ የለም፣ እሷ ወስዳዋለች፣ ከእሷ ጠይቅ አሉኝ።»

«የለኝም፣ ወንድሜ። ሞቷል። እኔ ነኝ የገደልኩት። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ክንድህን በደንብ ያስሩልሃል።»

«ጤና ጣቢያማ ሄጄ ታስሬ ነው የመጣሁት። ይሄን ደግሞ ልጨምርበት ብዬ ነው፤ ሽመናው ቆሞብኛል።» ቁጣ አልነበረበትም፣ ለማወቅ ነው የጠየቀኝ። «ግን ለምን ወሰድሽው?»

«እንግዳ መጥቶ ነበር። ለእንግዳው ልናሳይ።»

የታሰረውን ክንዱን በደህናው እጁ ደገፍ አድርጎ አየኝ።

«እንግዳው ምኑ ተሰብሮ ነበር?» አለኝ።